ከሰንዓ በፊት ጁባ ነበረች

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አቶ አንዳርጋቸው ጽጌ የተያዙት የት ነው? «የመን፣ ሰንዓ ኤርፖርት» እንደምትሉ አውቃለሁ። እሺ፣ አቶ ኦኬሎ አኳይስ?

ዝም አላችሁ አይደል? አይዟችሁ፣ ጋምቤላ ከተማ ያደግኩት እኔ እንኳን ስማቸውን በደንብ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

አቶ ኦኬሎ የክልላችን ፕሬዚዳንት ነበሩ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በመኪና ሲጓዙ የነበሩ ስምንት ሰዎች ተገደሉ። አስከሬናቸው ከተማ ሲገባ ወታደሮችና እኛ «ደገኞች» ከምንባለው መሃል የወጡ ሰዎች አኙዋኮችን እየለዩ ገደሉ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ሟቾቹን 65 አላቸው፤ አኙዋኮች ግን ከ400 በላይ ናቸው ይላሉ። አቶ ኦኬሎ ሠራዊቱን ተጠያቂ አድርገው ተሰደዱ፤ በኋላም የኖርዌይ ዜጋ ሆኑ።

መጋቢት 2006 ላይ ጁባ ውስጥ ተይዘው ለኢትዮጵያ ተሰጡ። ልብ በሉ! በዚያው ሰሞን ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በፓጋክ በኩል ወደ ጋምቤላ እየጎረፉ ነበር። እኛ የእነሱን ስደተኛ ስንቀበል፣ እነሱ የእኛን ስደተኛ አሳልፈው ሰጡን።

ከሦስት ወር በኋላ የሰንዓው ሆነ። ያኔ አገር ምድሩ ጮኸ፤ መጮኹም ተገቢ ነበር። ግን ለኦኬሎ ጊዜ የት ነበርን? አቶ ኦኬሎ በሽብር ተከሰው በ2008 ዘጠኝ ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2010 ተፈቱ። መታሰራቸውን ያልሰማ ሰው መፈታታቸውን ከየት ይሰማል?

«ጋምቤላ ሩቅ ስለሆነ ነው» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። ጁባና ሰንዓ ለአዲስ አበባ ልጅ ሁለቱም ሩቅ ናቸው ወዳጄ! የራቀብን ቦታው ሳይሆን ሰውየው ነው።

ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። አባቴን ስለዚያ ታኅሣሥ ስጠይቀው «ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ወሬ ይቀይራል። እኔም አንድ ቀን እንኳን አጥብቄ አልጠየቅኩትም። ዝምታው ከቤቴ ይጀምራል።

የአቶ ኦኬሎን ፖለቲካ ውደዱ አልልም። መፈታታቸው ግን የጥያቄው መልስ አይደለም። ከጁባ ያስመጣቸው ማን ነው? በየትኛው ሕግ? የ1996ቱ ሟቾችስ ቁጥራቸው እንኳን ሳያስማማን እንዲሁ ሊቀሩ ነው?

እኔ ዘንድሮ አባቴን እንደገና ልጠይቀው ነው። እናንተም ሰንዓን ስታነሱ ጁባን አትርሷት።