መሸኛውን እናንተው ተላላኩት

ይድረስ፦ በነዋሪነት ምዝገባ ላይ ለምትወስኑ የክልልና የከተማ ኃላፊዎች

የምጽፍላችሁ ከወገል ጤና፣ ከደላንታ ነው። ከዚህ ወጥቶ ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ባሕር ዳር፣ አዲስ አበባ ሥራ የሚገባው ልጅ ብዙ ነው። ሥራ ባገኘ በሳምንቱ ይደውልና የመጀመሪያ ወሬው «መሸኛ አስወጡልኝ» ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ከመስኮቱ ወዲያ ሆናችሁ ታዩታላችሁ፤ እኔ ከወዲህ ያለውን ልንገራችሁ። የአንድም ቀበሌ ስም አልጠራም፤ የሁሉም ነገር አንድ ነው። ቤተሰብ ሲሄድ «ባለጉዳዩ ራሱ ይምጣ» ይባላል። ልጁ ገና ካልጠናበት ሥራው ላይ ፈቃድ ለምኖ፣ በኩታበር አድርጎ፣ የበሸሎን ወንዝ ቁልቁለት ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ ይመጣል። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው። እሳቸው ሲገኙ ማኅተሙን የያዘው ሰው መስክ ወጥቷል። ሁሉም ተሟልቶ የሚሰጠው አንድ ገጽ ነው፦ «ጉዳዩ፦ መሸኛ ስለመስጠት»፣ የወጪ ቁጥር፣ ግማሹ ፎቶው ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያረፈ ክብ ማኅተም፣ ከሥሩ ቲተር። የድሮ መታወቂያው ተመላሽ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ይህን ተሸክሞ አዲሱ ወረዳ ሲደርስ «ቲተሩ አይነበብም»፣ ካልሆነም «በእኛ ወረዳ ስም አልተጻፈም» ተብሎ ይመለሳል። በመሸኛው ላይ «ፀሐይ» የተባለች ልጅ በትምህርት ማስረጃዋ «ጸሐይ» ከሆነችማ እግዜር ይሁናት።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 መሠረት ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሩ ውስጥ የመዘዋወርና የመኖሪያ ቦታውን የመምረጥ ነፃነት አለው። በአሠራራችሁ ግን ሰው የሚሄደው የለቀቀው ቀበሌ ሲለቀው፣ የደረሰበትም ሲቀበለው ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ከተማዋ አዲስ መታወቂያ መስጠትንም ሆነ መሸኛ መቀበልን በየጊዜው ስታግድ ከርማለች። እገዳው ወረቀቱን ይዞ መንገድ ላይ ሳለ የደረሰበትን ሰው አስቡት። አገሩ ላይ ከመዝገብ ተሰርዟል፣ የሄደበት አልመዘገበውም።

ቀበሌ የመጣው ከ1967 የደርግ አዋጆች ጋር ነው፤ በከተማ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት ሲያቋቁም። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ በኩፖን ይታደል በነበረበት ጊዜ አንድ ሰው በሁለት ቀበሌ እንዳይመዘገብ መጠንቀቅ ትርጉም ነበረው፤ በዚያ ላይ ከወረቀት ሌላ መላላኪያም አልነበረም። ኩፖኑ ቀርቷል። ወረቀቱ ግን ዛሬም በባለጉዳዩ ኪስ ይጓዛል።

በዚያ ላይ የእኛ አካባቢ የራሱ ጣጣ አለው። በ2014 ጦርነቱ በወሎ ሲያልፍ ብዙ የመንግሥት ቢሮዎች ተዘርፈዋል፣ ሰነዳቸው ወድሟል። ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። «ከመጣህበት መዝገብ ላይ አጽፈህ ና» የሚባለው ሰው መዝገቡ ቀርቶ ቢሮው መኖሩን እንኳ ያላወቀ ሊሆን ይችላል። ይህን እያወቃችሁ መስፈርቱን እንዳለ መተዋችሁ ነው እኔን የሚያናድደኝ።

አውሮፓ ያሉ ልጆቻችን የሚነግሩን ሌላ ነው። ጀርመን እንደ አውሮፓውያኑ ከኅዳር 2015 ጀምሮ በምትሠራበት የምዝገባ ሕግ፣ ቤት የቀየረ ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥ የመመዝገብ ግዴታ አለበት። ፓስፖርቱንና አከራዩ የፈረመለትን ማረጋገጫ ይዞ ይቀርባል፤ አከራዩም ማረጋገጫውን እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድደዋል። ከበርሊን ፍራንክፈርት የገባ ሰው ግን በርሊንን ሊሰናበት አይመለስም። ፍራንክፈርት ይመዘግበውና ለበርሊን ራሱ ያሳውቃል። እዚያም ቢሆን ማር አይደለም፤ በርሊን ውስጥ ቀጠሮ ማግኘት ሳምንታት ይፈጃል እያሉ ሲያማርሩ እሰማለሁ። ቢሆንም ወረፋው በአንድ በር ላይ ነው።

«የእኛ አገር ሐሰተኛ መታወቂያ የበዛበት ነው» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በዝቷል። ታዲያ ሐሰተኛ ሠሪው የሚፈልገው ምን ሆነና? ወረቀት፣ ማኅተምና ቲተር። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በቀጥታ ቢጠያየቁ ሐሰተኛው መሸኛ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠብባል። ሰውየው ማን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ አሁን ፋይዳ የሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት አሻራውንና የዓይኑን ብሌን ሰጥቶ ባለ 12 አኃዝ ቁጥር የተቀበለን ሰው፣ ማንነቱን የበሸሎ ማዶ ሊቀመንበር እንደገና ካልመሰከሩለት አይታመንም ማለት ምን ይባላል? የሚኖርበትን ቤት በተመለከተም፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ ያዛል። ማንነቱም አድራሻውም በመንግሥት እጅ ነው፤ ችግሩ በሁለት የተለያዩ ቢሮዎች መቀመጡ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው። የደረሰበት ወረዳ በፋይዳውና በኪራይ ውሉ አስቀድሞ ይመዝግበው፤ ከዚያ ወደ ቀድሞው ቀበሌ ጽፎ ከመዝገብ ያሰርዘው። ከቀድሞው ቀበሌ በተወሰነ ቀን መልስ ካልመጣ ጥፋቱ የባለጉዳዩ አይሁን። አዲሱ መታወቂያ እስኪሰጠውም ድረስ የድሮው አይነጠቅ። መረቡ እስኪዘረጋ፣ ሶፍትዌሩ እስኪመጣ የምትሉም ካላችሁ፣ በየመሸኛው ራስጌ ላይ የቢሮ ስልክ ቁጥር አትማችኋል፤ እስከዚያው እሱን ደውሉበት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የወገል ጤና ነዋሪ