በሽታውን የተናገረ ሰሚ ሲያጣ

‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› ይላል ያገራችን ሰው። ብሂሉ ኃላፊነቱን በሙሉ በሕመምተኛው ጫንቃ ላይ የሚጥል ነው። በሽታውን ሊናገር ፈልጎ የሚሰማው ያጣስ? በአገራችን የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ብዙ ወገኖች ችግራቸው ይኸኛው ይመስለኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤተሰብ ወዳጅ የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህርን ወደ አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካደረስነው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ጋሼ እንበላቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስተማሩ፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ጎንበስ ብለው የሚሰናበቷቸው ሰው ናቸው። ተራችን ደርሶ ስንገባ ካርዱን የያዘው ወጣት ነርስ ቀና ብሎ ልጃቸውን ‹‹መድኃኒቱን ይወስዳል?›› ሲል ጠየቃት። ‹‹ይተኛል? ይሳደባል? ከቤት ይወጣል?›› ጋሼ አጠገባችን ተቀምጠዋል። ስለ እሳቸው የሚወራው ግን እንደሌሉ ተቆጥሮ ነው። አንድ ጊዜ ሊናገሩ አፋቸውን ቢከፍቱ ‹‹ቆይ አንተ፣ ከእሷ ልስማ›› ተባሉ። መልሰው ዘጉት። ልጃቸው ክኒኑን እምቢ ማለታቸውን ተናገረች። ወደ ሐኪሙ ተላለፍን፤ እሱም በካርዱ ላይ የሰፈረውን አንብቦ ክኒኑን በመርፌ ለወጠው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ያገኘናት ሌላ ነርስ ነበረች። ወንበሯን ወደ እሳቸው አዙራ ‹‹ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ?›› አለቻቸው። ዝም አሉ። ልጃቸው ልትመልስላቸው ስትል ነርሷ እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመቻት። ዝምታው ረዘመ። በመጨረሻ ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት፤ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱን ከጀመሩ ወዲህ ሰውነታቸው እንደ እንጨት መድረቁን፣ እስክሪብቶ መያዝ እንዳቃታቸው፣ ምራቃቸው እየወረደ ሰው ፊት መቅረብ ማፈራቸውን፣ ክኒኑን የተዉትም በዚሁ ምክንያት መሆኑን ነገሯት። እኛ ‹‹እምቢታ›› ስንለው የከረምነው ነገር ለካ አቤቱታ ኖሯል። መርፌው ደግሞ ያንኑ ጉዳት አብሶት ነበር። የመድኃኒቱ መጠን ተስተካከለ፤ ለመንቀጥቀጡም ተጨማሪ መድኃኒት ታዘዘላቸው።

ልብ ይበሉ። ለሥነ አእምሮ ሕመም ከሚታዘዙት ነባር መድኃኒቶች መካከል እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉት የሰውነት መድረቅና መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ እንደሚችሉ ማንኛውም የሙያው ሰው ያውቀዋል። የመጀመሪያው ነርስም ያውቀዋል። የጎደለው ዕውቀት ሳይሆን ሕመምተኛውን መጠየቅ ነው።

በነርሲንግ ትምህርት ይህ ጉዳይ ‹‹ቴራፒዩቲክ ኮሙኒኬሽን›› የሚባል ራሱን የቻለ ስም አለው፤ ፈዋሽ ንግግር ልንለው እንችላለን። አሜሪካዊቷ ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመችው መጽሐፍ በነርሷና በሕመምተኛው መካከል የሚፈጠረው ግንኙነት የሕክምናው አካል እንደሆነ ካስረዳች ወዲህ ትምህርቱ ብዙ ርቀት ተጉዟል። ሲተገበር ግን ረቂቅ ነገር የለውም። ለምሳሌ አንድ ሕመምተኛ ‹‹ጎረቤቶቼ ምግቤ ውስጥ መርዝ ይጨምራሉ›› ቢል፣ እኛ ወይ ‹‹ውሸት ነው፣ ተው!›› ብለን እንከራከራለን፤ አለዚያም ለማባበል ‹‹እናሳስራቸዋለን›› እንላለን። የመጀመሪያው በር ይዘጋል፤ ሁለተኛው ሕመሙን ይመግባል። የሠለጠነ ነርስ የሚለው ‹‹እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም፤ እርስዎን ግን በጣም እንዳስፈራዎት ይታየኛል›› ነው። አሳቡን ሳይቀበል ፍርሃቱን ይቀበላል።

‹‹አይዞህ›› የምትለዋን ቃላችንንም እንመልከት። ከልብ ስትወጣ የምታጽናናውን ያህል፣ ካርድ እየገለበጡ ሲሏት ‹‹በቃ፣ ጨርስ›› ማለት ትሆናለች። ከሁሉም የከፋው ግን ‹‹አንተ›› ነው። አማርኛችን ሰውን በተውላጠ ስም የሚመዝን ቋንቋ ነው። ትናንት ‹‹እርስዎ›› ይባሉ የነበሩ ሰው በአእምሮ ሕክምና ክፍል በር ሲገቡ ‹‹አንተ›› ከሆኑ፣ ከምርመራው በፊት ፍርዱን ሰምተዋል ማለት ነው። አበው ‹‹ከፍትፍቱ ፊቱ›› ያሉት ለማዕድ ብቻ አይደለም።

ጥፋቱን በነርሶች ላይ ብቻ መደፍደፍ ግን ግፍ ነው። የአገራችን የአእምሮ ሕክምና በአብዛኛው በነርሶች ትከሻ ላይ የቆመ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረዥም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ፣ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአማኑኤል እየሠለጠኑ በየክፍላተ አገሩ ሆስፒታሎች ተመድበው ሐኪም በሌለበት ሲመረምሩና ሲያክሙ ቆይተዋል። በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው ታላቅ ጥናት ከ68 ሺሕ በላይ ሰዎች ሲጠየቁ፣ ስኪዞፍሬኒያ ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና ጨርሶ አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ያን ሁሉ ሕዝብ በጥቂት እጅ የሚቀበል ባለሙያ ቢቸኩል አይፈረድበትም። አንዳንዱም ተደብድቦ ያውቃል፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው።

ይሁን እንጂ በሕግ ትምህርት ያለፈ ሰው ጉዳዩን እንደ መልካም ጠባይ ጥያቄ ብቻ ሊያየው አይችልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው ምርመራንና ሕክምናን እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 የሰብዓዊ ክብር መብትን፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአእምሮ ጉዳተኞችን የማቋቋምና የመርዳት ግዴታውን አስፍሯል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም የአእምሮና የሥነ ልቦና ጉዳት ያለባቸው ሰዎች በሕግ ፊት እኩል ሰውነት እንዳላቸው በአንቀጽ 12 ያረጋግጣል።

እነዚህ ሁሉ መብቶች ሥራ ላይ የሚውሉት ግን በንግግር ነው። ያልተጠየቀ ሰው ፈቃድ ሊሰጥም ሊነፍግም አይችልም። ልጃቸው የፈረመችው ወረቀት የጋሼ ፈቃድ አይደለም። የጋሼ አቤቱታም በካርድ ላይ ‹‹እምቢተኛ›› ተብሎ ከተጻፈ፣ አንቀጽ 20 ስለ እሳቸው የተጻፈ አልሆነም።

ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 342 የያዘው ድንጋጌ ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። ከሁለት ሺሕ ሰው ያነሰ ነዋሪ ባለበት የገጠር ቀበሌ፣ አንድን ሰው አብረውት የሚኖሩት ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትና መዘዋወሩን የገደቡበት ከሆነ እብደቱ በግልጽ እንደታወቀ ይቆጠራል። የሕጉ ዓላማ ጥሩ ነበር፤ ሕመምተኛውን አታልሎ የሚያዋውለውን ሰው ለመከላከል ነው። ሆኖም በገመድና በሰንሰለት መታሰር በየጓዳው በሚገኝበት አገር፣ የሌሎች ሰዎች ድርጊት በሕመምተኛው ላይ ማስረጃ ሆኖ ሲቆም እናያለን። በመሀል የራሱ ቃል የለም። ክሊኒኩም ካልጠየቀው፣ ሕጉም ካልጠየቀው፣ ማን ይጠይቀው?

ጥያቄው ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የተካሄደው ጦርነትና በሌሎች ክልሎች የታዩት ግጭቶች ብዙ የተጎዳ መንፈስ ትተዋል። በየሪፖርቱ ‹‹የሥነ ልቦና ድጋፍ›› የሚለው ሐረግ በዝቷል። ድጋፉ ክኒን ማደልና ስም መመዝገብ ብቻ ከሆነ ግን የደረሰበትን መናገር ያልቻለውን ሰው ዝም እንዳለ እንተወዋለን።

ምን ይደረግ? ከፍተኛ በጀት የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ለአስታማሚው ሳይሆን ለሕመምተኛው ይቅረብ፤ የአስታማሚው ቃል ይከተል። ሁለተኛ፣ በካርዱ ላይ የሕመምተኛው ቃል በራሱ አነጋገር የሚሰፍርበት ቦታ ይኑር፤ መድኃኒት ካቋረጠም ምክንያቱ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ፈዋሽ ንግግር በክፍል ውስጥ ተነግሮ በፈተና የሚያልፍ ትምህርት ብቻ ሆኖ አይቅር፤ ጀማሪ ነርስ ልምድ ባለው ሰው አጠገብ ተቀምጦ ይለማመደው። አራተኛ፣ አስተዳዳሪዎች ነርስን በቀን ባስተናገደው የካርድ ብዛት ብቻ መመዘን ይተው። በኃይል የተነሳሳን ሕመምተኛ ማረጋጋት ቅድሚያ የሚሰጠው መሆኑ አያከራክርም፤ ከተረጋጋ በኋላ ግን የሆነውን ከአንደበቱ መስማት ግዴታ ይሁን።

እኛ ቤተሰቦችም ከተጠያቂነት አናመልጥም። ጋሼን ያን ቀን ዝም ያሰኛቸው ነርሱ ብቻ አልነበረም። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሕጉን ባውቅም፣ ‹‹እሳቸውን ይጠይቋቸው›› አላልኩም። ጋሼ ዛሬ መድኃኒታቸውን በራሳቸው እጅ ይወስዳሉ። ቀጠሯቸው ሲደርስ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ‹‹ያቺ ልጅ አለች ወይ?››