ጀሪካን እያለ ማሽን ለምኔ?

እንደሚታወቀው በአሁኑ ጊዜ ስለ ጤናና ስፖርት የማይመክር ሰው የለም። ከምክሮቹ አንዱ ቤት ውስጥ በመቅዘፊያ ማሽን መሥራት ነው። እግርን፣ ጀርባንና ክንድን ባንድ ጊዜ ስለሚያሠራ ጥሩ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ወልድያ በኪራይ ቤት የሚኖር ተማሪ ማሽኑን ከየት ያመጣል? ቢያመጣውስ የት ያስቀምጠዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም 2 ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠራ ይመክራል። በእኔ አስተያየት ይህ ምክር የሚመለከተው ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምንውለውን ነው። ከሀብሩ ገጠር ፍራፍሬ ተሸክማ መርሳ ገበያ ደርሳ፣ ስትመለስ ደግሞ ውኃ የምትቀዳን እናት «ስፖርት ሥሪ» ማለት እኮ ቀልድ ነው! ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ይመዝናል። ለእሷ የሚያስፈልጋት እረፍትና ቅርብ ውኃ ነው።

ታዲያ እኛስ? በየእጃችን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ሞልተን፣ ጉልበት አጠፍ አድርገን፣ ጀርባ ሳናጎብጥ ወደ ፊት ዘንበል ብለን ወደ ሆድ መሳብ ነው፤ ያው ቀዘፋ ማለት ነው። 10 ጊዜ ስቦ ማረፍ፣ ከዚያ መድገም። ወገቡን የሚያመው ይተወው። ለክረምት ቤተሰብ ጋ የሚሄድ ወንድ ተማሪ ግን ጓዳ ውስጥ ጀሪካን ከሚስብ የእናቱን ውኃ ይቅዳ። «ወንድ ልጅ ውኃ ሲቀዳ!» ብለው ጎረቤቶች ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ። ለመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ብቻ ቢሞላ ይሻለዋል።