የያዕቆብ ኃጢአት ለምን አይሰበክም?

ዮሴፍ በወጣቶች መድረክ ስንት ጊዜ እንደተሰበከላችሁ እስቲ ቁጠሩ። ሕልሙ ተሰብኳል፤ ጉድጓዱ ተሰብኳል፤ የጲጥፋራ ሚስትማ በየኮንፈረንሱ ትነሣለች። የወንድሞቹ ቅናት ሳይወገዝ የቀረበት ጊዜም የለም። አባትየውስ? ስለ ያዕቆብ ማዳላት አንድ ሙሉ ስብከት የሰማችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡ። እኔ አልሰማሁም።

ነገሩ በቀሚሱ አልጀመረም። ዘፍጥረት 33ን ክፈቱ። ዔሳው 400 ሰዎች አስከትሎ እየመጣ ነው፤ ያዕቆብም ፈርቷል። ቤተ ሰቡን ሲያሰልፍ ሁለቱን አገልጋዮች ከነልጆቻቸው ከፊት አቆመ። ልያንና ልጆቿን ከእነርሱ ቀጥሎ፣ ራሔልንና ዮሴፍን ከሁሉ ኋላ። እርሱ ራሱ በፊታቸው መሄዱን አልክድም። ሰልፉ ግን ይናገራል። ሰይፍ ቢመዘዝ ማን ቀድሞ እንደሚወድቅ፣ ማን የማምለጫ ጊዜ እንደሚያገኝ ልጆቹ ቆመው አዩ። ዳንና ንፍታሌም፣ ጋድና አሴር የዚያን ቀን ምን የተማሩ ይመስላችኋል? ቀሚሱ የተሰጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሚያውቁትን ነገር ዮሴፍ ለብሶት ሲዞር አዩት፣ በቃ።

ደግሞ ያዕቆብ ሕመሙን ያውቀዋል። ይስሐቅ ዔሳውን፣ ርብቃ እርሱን ይወዱ ነበር፤ በዚያ ጦስ ከወንድሙ ሸሽቶ 20 ዓመት በላባ ቤት ኖረ። የሸሸውን ቤት መልሶ በእጁ ሠራው።

ወንድሞቹ ንጹሐን ናቸው አላልኩም። ወንድምን መሸጥ ወንድምን መሸጥ ነው። የእኔ ጥል ኃጢአቱን ከሚከፋፍለው መድረካችን ጋር ነው፤ ልጆቹን እናወግዛለን፣ አባትየውን እናልፈዋለን።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ። አካባቢያችሁን ተመልከቱ። ሴቷ ልጅ ዐረብ አገር ሄዳ በየወሩ ትልካለች፤ በላከችው የተሠራው ቤት ካርታው በወንድሟ ስም ነው። ስትደውል እናት የምትጠይቃት ለወንድሟ ምን እንደላከች ነው። እነዚህ ልጆች አርባ ዓመት ሲሞላቸው የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ነው፣ ከዚያም ፍርድ ቤት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ኑዛዜ ከሌለ ልጆች ውርስን እኩል ይካፈሉ ይላል። ቤቱ ይካፈላል። ሲበላለጥ ያደገውን ፍቅር ግን የትኛው ችሎት ያካፍለዋል?

ጉዳዩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ መልሳችን አጭር ነው፦ ወላጆችሽን አክብሪ፣ ይቅር በይ። እንደ እውነቱ ከሆነ ማክበርና መሸፋፈን አንድ ሆነው አያውቁም። የእስራኤልን አባት ማዳላት የጻፈልን ራሱ ቅዱሱ መጽሐፍ ነው፤ አላፈረበትም። ወላጆቻችን "የትኛውም ጣት ቢቆረጥ ያማል" ይላሉ። እውነት ነው፣ ያማል። ቀለበቱ የሚጠለቀው ግን ሁልጊዜ በአንዱ ላይ ነው። (የታመመ ልጅ የበለጠ መታቀፉን ማዳላት የሚል ልጅ አላየሁም፤ ልጆች ይህን ለይተው ያውቃሉ።)

ሰባኪዎቻችን ይሁዳን ይወዱታል፤ እኔም እወደዋለሁ። የልያ ልጅ ነው። አባቱ "ሚስቴ" ሲል ራሔልን ብቻ እንደሚቆጥር ሰምቷል፤ ያንኑ ቃል በግብፁ ገዥ ፊት ያለ ምሬት ደገመው፤ ከዚያም በብንያም ፈንታ እኔ ባሪያ ልሁን አለ። ያዕቆብ አልተለወጠም፤ ይሁዳ ግን ተለወጠ። ይህ ጸጋ ነው። ሆኖም ያልተወደደውን ልጅ ሁልጊዜ ይሁዳን ሁን እያልን፣ ከተወደደው ምንም አለመጠየቃችን ግፍ ነው።

ዮሴፍ ይቅር ብሏል፤ አልቅሶ ስሟቸዋል። ያዕቆብ ከዚያ በኋላ በግብፅ 17 ዓመት ኖረ፤ ልጆቹም ያን ሁሉ ጊዜ የዮሴፍን እንጀራ በሉ። አባታቸው በተቀበረ ጊዜ ግን አሁን ይበቀለናል ብለው ፈሩ፤ መልእክተኛም ላኩ። አንድ ጊዜ የተነገረ ይቅርታ ያን ያህል ዓመት አላሳመናቸውም።

እንግዲህ የተወደዳችሁት ሆይ፣ ንግግሬ ከእናንተ ጋር ነው። ቀሚሱን አልመረጣችሁትም፤ ለብሳችሁታል ግን። ካርታው በስማችሁ ከሆነ ለቅሶው ሳይመጣ፣ ወላጆቻችሁ በሕይወት ሳሉ፣ ስለ ቤቱ እናንተ ቀድማችሁ አንሡ። ደግሞ እኅታችሁ ከድርሻዋ ይልቅ የምትጠብቀው ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል፦ በቤታችሁ የነበረውን እናንተም ታዩ እንደነበር ከአፋችሁ መስማት። ለፋሲካ ስትደውል ስልኩን ለእናታችሁ ከማቀበላችሁ በፊት ይህን ንገሯት።