ለክረምቱ እርስ በርስ የሚከራከሩ መጻሕፍት

ክረምት በመጣ ቁጥር አንድ መፈክር አብሮ ይመጣል፤ «ማንበብ ሙሉ ሰው ያደርጋል»። በትምህርት ቤት አጥር ላይ ተጽፏል፣ በቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በመጽሐፍ አውደ ርዕይ መክፈቻ ላይ የክብር እንግዳ ሁሉ ይደግመዋል። መፈክሩን አልጠላውም። ችግሩ ግማሽ ዓረፍተ ነገር መሆኑ ነው። ምን ስናነብ? የሚለውን ማንም አይነግረንም። «መብላት ጤነኛ ያደርጋል» እንደማለት ነው እኮ፤ ሳህኑ ላይ ያለው ሳይታይ!

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በእኛ አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ጳጉሜን አምስት ስትሆን 95 ቀን ይመጣል። በቀን 20 ገጽ ብቻ ብናነብ (ዝናብ እስኪያባራ በየሰው በረንዳ ተጠልለን ከምናጠፋው ጊዜ አይበልጥም) 1,900 ገጽ ይሆናል። አንድ ወፍራም ልብ ወለድና አራት መካከለኛ መጻሕፍት ማለት ነው። አምስት መጻሕፍት! ለአንድ ክረምት ትንሽ አይደለም። ግን አምስት ብቻ ከሆኑ መምረጥ የግድ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኞቻችን አንመርጥም፤ ይመረጥልናል። አዟሪው ክንዱ ላይ ከደረደራቸው መጻሕፍት ከላይ የተቀመጠው ይመርጠናል። ቲክቶክ ላይ አንድ ልጅ «ሕይወቴን የለወጠ መጽሐፍ» ያለው ይመርጠናል። ስልካችን ውስጥ ከቴሌግራም የለቀምናቸው መቶ ምናምን ፒዲኤፎች አሉ፤ ማውረዱን እንደ ማንበብ ቆጥረነው አንዱንም አልከፈትነውም። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ አይደለም። የከፋው፣ ራሳችን ስንመርጥ እንኳ የምንመርጠው ቀድሞ ከእኛ ጋር የተስማማውን መጽሐፍ መሆኑ ነው። ይህ ጽሑፍም የተነሣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጋዜጠኝነት ሲማሩ ገና ከጅምሩ የሚነገር አንድ ነገር አለ፤ ጉዳዩ ክርክር ካለበት በአንድ ወገን ምንጭ ዜና አይሠራም። ለዜና ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለታሪክ ለምን አንጠነቀቅም? አንድ ማስታወሻ አንብበን፣ ያውም ግማሹን፣ ፌስቡክ ላይ የአንድ ትውልድ ዳኛ ሆነን እንቀመጣለን። ስለዚህ የዚህ ክረምት ምክሬ አጭር ነው፤ ከአምስቱ መጻሕፍት ቢያንስ ሁለቱ እርስ በርስ የሚከራከሩ ይሁኑ።

ምሳሌ ልስጥ። ከ1966 ዓ.ም አብዮት እስከ ቀይ ሽብር ያሉትን ዓመታት ውሰዱ። ወላጆቻችን ዝም የሚሉባቸው፣ እኛ ግን ጮክ ብለን የምንጨቃጨቅባቸው ዓመታት ናቸው። ስለነዚያ ዓመታት የኢሕአፓው ክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ»ን ጽፈዋል። አንዳርጋቸው አሰግድ ከመኢሶን ወገን ሆነው «በአጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ»ን ጽፈዋል። በደርግ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ «እኛና አብዮቱ»ን አሳትመዋል። ራሳቸው መንግሥቱ ኃይለማርያምም በ2004 ዓ.ም «ትግላችን»ን አስነብበውናል። ያው አንድ አገር፣ ያው ጥቂት ዓመታት፣ ያው ሟቾች… አራት የተለያየ ታሪክ! መጀመሪያ የተኮሰው ማን ነው? ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደየጸሐፊው ይለያያል።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው እርግጠኛ ሆኖ ይነሣል። ሁለቱን ያነበበ ግን ትንሽ ይጨነቃል። እኔ የምፈልገው ያንን ጭንቀት ነው። ሁለት መጻሕፍት የማይስማሙበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ቆም ብላችሁ «ይህ ሰው ይህን የሚያውቀው እንዴት ነው? ቦታው ላይ ነበር ወይስ ተነግሮት ነው? ያላነሣውስ ምንድነው?» ማለት ትጀምራላችሁ። (በነገራችን ላይ አንድ የማስታወሻ ጸሐፊ በገዛ መጽሐፉ ውስጥ ሁልጊዜ «ይህ ነገር አያዋጣም» ብሎ አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ሰው ነው። ሁሉም አስጠንቅቀው ከነበረ ያንን ሁሉ ያደረገው ማን ነው?)

ለዚህ ነው የሕይወት ተፈራን መጽሐፍ ለብቻው የማነሣው። በ2004 ዓ.ም በእንግሊዝኛ ታትሞ በኋላ «ማማ በሰማይ» ተብሎ ወደ አማርኛ ተመልሷል። ደራሲዋ ኢሕአፓ ውስጥ የነበረች ወጣት ናት፤ በደርግ እስር ቤትም ዓመታት አሳልፋለች። ስለ ደርግ ግፍ ትጽፋለች። ነገር ግን እዚያ ላይ አታቆምም። የምትወደው ጌታቸው ማሩ፣ የኢሕአፓ አመራር አባል የነበረው ሰው፣ በገዛ ድርጅቱ እጅ መገደሉንም ትጽፋለች። የወገንን ጥፋት መጻፍ የጠላትን ጥፋት ከመጻፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ይህንን መጽሐፍ ማንበብ ይበቃል። በሁለት ጎራ ተከፍለን በምንሰዳደብበት በዚህ ጊዜ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም የተካሄደው ጦርነት ቁስል ገና ሳይደርቅ፣ ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም። ነገ የእኛም ዘመን ማስታወሻዎች ይጻፋሉ። ያን ጊዜ የወገናቸውን መጽሐፍ ብቻ የሚያነቡ አንባቢዎች ከጠበቋቸው ማንም እውነቱን ለመጻፍ አይደክምም።

«ኧረ በክረምት ፖለቲካ አልፈልግም!» የምትሉ አላችሁ። መብታችሁ ነው። እንግዲያው ልብ ወለድ እንምረጥ። እዚህም ምክር አለኝ፤ በወሬ የምታውቁትን አንድ መጽሐፍ በክረምቱ በዓይናችሁ አንብቡት። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ የለም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ብዙ ሰው ሳያነበው ያነበበው ይመስለዋል። ከ500 ገጽ በላይ ያለውን መጽሐፍ ገልጦ የጨረሰው ግን ስንቱ ነው? ከፍቅሩ ታሪክ ጎን ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲያምፁ አለ። የባላባቱን ሥርዓት አፍ አውጥቶ ስለተቸ እንደ እብድ የሚቆጠር ጉዱ ካሳ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም ነው፤ አብዮቱ ከመፈንዳቱ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ። ይህንን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው «የፍቅር መጽሐፍ» ብቻ ነው ብሎ አያልፈውም። አያችሁ፣ ፖለቲካ አልፈልግም ብትሉም በጓሮ በር መጣባችሁ!

«ኦሮማይ»ም እንዲሁ ነው። ሁላችንም የምናውቀው የበዓሉ ግርማን መጥፋት ነው። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም ወጣ፣ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም እንደወጣ ቀረ። የደራሲው ዕጣ እጅግ ከማሳዘኑ የተነሣ መጽሐፉን ሸፍኖታል። ነገር ግን ማስታወቂያ ሚኒስቴርን ያውቅ የነበረ ሰው፣ የቀይ ኮከብ ዘመቻን በቅርብ ያየ ሰው፣ የመንግሥት ወሬ እንዴት እንደሚመረት ከውስጥ ሆኖ የጻፈው ነው። ለዚያ ሲባል የሞተበትን መጽሐፍ ሳያነቡ «ጀግና ነበር» ማለት ለእሱ ውለታ አይመስለኝም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ የምትሞክሩ ደግሞ በትልቁ አትጀምሩ። አዳም ረታን ሰው ስላደነቀው ብቻ በ«የስንብት ቀለማት» ልጀምር ያለ ሰው ሦስተኛው ቀን ላይ መጽሐፉን ለመስኮት መደገፊያ ያደርገዋል። የአዳምን አጫጭር ታሪኮች አስቀድሙ። የመስፍን ሀብተማርያምን ወጎች ሞክሩ፤ አንዱን ወግ ቡናው ሳይቀዘቅዝ ትጨርሱታላችሁ። «ዴርቶጋዳ»ን ስላነበበ ሰው የምታሾፉም እባካችሁ ተዉ። ያ መጽሐፍ በ2001 ዓ.ም ከወጣ በኋላ መጽሐፍ ይዘው የማያውቁ ስንት ተማሪዎች ታክሲ ውስጥ እያነበቡ ፌርማታቸው አልፏቸዋል። ጥያቄው ከእሱ ቀጥሎ ምን አነበባችሁ? የሚለው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላም እዚያው ከሆናችሁ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ስለ ትርጉም መጻሕፍትም አንድ ነገር ልበል። «በ30 ቀን ሀብታም ለመሆን» ዓይነቶቹ ገበያውን ሞልተውታል። የመጀመሪያውን ደራሲ ስም በደቃቁ፣ የራሱን ፎቶ በትልቁ የሚያወጣ ተርጓሚ ካያችሁ ጠርጥሩ። ትርጉም ከባድ ሥራ መሆኑን ለማስታወስ ነቢይ መኮንን ይበቃናል። በደርግ እስር ቤት ሆኖ «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን የተረጎመው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። በዚያ ወረቀት የሚተረጉም ሰው የማይረባ መጽሐፍ አይመርጥም። እኛም ስንመርጥ ወረቀቱ እንደዚያ ውድ እንደሆነ ብናስብ ጥሩ ነው።

መደብር ስትገቡ የጀርባውን አስተያየት አትመኑ፤ እዚያ የሚጽፈው የደራሲው ወዳጅ ነው። መሀሉን ግለጡና ሁለት ገጽ ቆማችሁ አንብቡ። ሦስተኛውን ገጽ ለማየት እጃችሁ ከተንቀሳቀሰ ግዙት። ገዝታችሁ ደግሞ 50 ገጽ ድረስ ምንም ካልነገራችሁ ያለ ጸጸት ዝጉት። አሰልቺ መጽሐፍ መጨረስ ጽድቅ የለውም፤ የሚቀጥለውን መጽሐፍ ቀን መስረቅ ነው።

«መግዣ የለኝም» ለሚልም መልስ አለ። ወመዘክር ከ1936 ዓ.ም ጀምሮ አለ። አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም ተከፍቷል። አምስት ጓደኛሞች አንድ አንድ መጽሐፍ ገዝተው ቢቀያየሩ አምስቱም የአምስት መጽሐፍ ክረምት አላቸው፤ የሚከራከሩበት ሰውም አብሮ ይገኛል። የማልስማማው አዲስ መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ በስልክ ካሜራ እየተነሣ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ «ለንባብ ባህል» መባሉ ላይ ነው። በአገራችን ብዙ ደራሲ የማተሚያውን ገንዘብ ከኪሱ ወይም ከብድር አውጥቶ ነው የሚያሳትመው። ያንን ሰው ካከሰርነው ሁለተኛውን መጽሐፍ አይጽፍልንም። ከዚያ በኋላ «ጥሩ መጽሐፍ ጠፋ» ብለን ብናማርር ማን ይሰማናል?

እንግዲህ የእኔ ዝርዝር ይህ ነው፤ በወሬ የምታውቁት አንድ ልብ ወለድ፣ ስለ አንድ ጉዳይ የሚከራከሩ ሁለት መጻሕፍት፣ አንድ ቀላል የወግ ወይም የአጭር ታሪክ ስብስብ፣ አንድ ደግሞ ልባችሁ የወደደው፣ ማንም የማይጠይቃችሁ። ከሚከራከሩት ሁለቱ መጀመሪያ የማትወዱትን ወገን መጽሐፍ አንብቡ። የምትወዱትንማ በመስከረምም ታነቡታላችሁ።

መልካም ክረምት!