ስለ ጤናችን፦ የደም ብዛት ከሆድ ይነሣልን?

የአገራችን ሰው ነገርን ሁሉ ከሆድ ጋር ማያያዝ ልማዱ ነው። ታጋሹን ሆደ ሰፊ፥ ቶሎ የሚከፋውን ሆደ ባሻ ይለዋል፤ ምሥጢሩንም «በሆዴ ይዤዋለሁ» ይላል። አሁን ደግሞ ሊቃውንት ሆድን ከልብና ከደም ሥር ጋር የሚያገናኝ ነገር ስላገኙ፥ በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ከአንባብያን ጋር ልንጨዋወት አሰብን።

ነገሩን ያስነሡብን አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። እኚህ እናት ለብዙ ዓመታት የደም ብዛት ኪኒን ሲወስዱ ኖረዋል። በቅርቡ ግን «የደም ብዛት የሚመጣው ከአንጀት ነው» የሚል ወሬ ሰምተው፥ «እንግዲያው በሽታው ከሆዴ ከሆነ ኪኒኑ ምን ያደርግልኛል? እርጎ ይበቃኛል» ብለው መድኃኒቱን ተዉት። ወሬው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም፤ ዳሩ ግን ግማሽ እውነት መድኃኒት ካስጣለ ከሐሰት ይብሳል።

እውነቱ እንዲህ ነው። በትልቁ አንጀታችን ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ፥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ረቂቃን ሕያዋን ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጠላቶቻችን አይደሉም። የእኛ ሆድ ሊፈጨው ያልቻለውን የእህልና የአትክልት አሠር እነርሱ ያብላሉታል። ከዚህም ቀላል አሲዶች ይወጣሉ፤ አንደኛው በኮምጣጤ ውስጥ የሚገኘው ነው። አሲዶቹም ወደ ደም ገብተው እስከ ኩላሊት ይደርሳሉ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2013 የአሜሪካ ተመራማሪዎች እንደ ገለጡት፥ አፍንጫ ሽታን የሚለይበት ዓይነት መቀበያ በአይጥ ኩላሊት ውስጥ ይገኛል፤ እነዚህንም አሲዶች እየለየ የደምን ግፊት በመቆጣጠር ሥራ ይካፈላል።

በ2017 ደግሞ የቻይና ተመራማሪዎች የደም ብዛት ካለበት ሰው ዓይነ ምድር የተወሰዱ ባክቴሪያዎችን፥ ምንም ባክቴሪያ በሌለባቸው አይጦች አንጀት ውስጥ ቢጨምሩ የአይጦቹ የደም ግፊት ከፍ አለ።

በዚያው ዓመት በበርሊን የተደረገው ምርምር ወደ ወጥ ቤታችን ይበልጥ ይቀርባል። 12 ጤነኛ ወንዶች ከተለመደው ምግባቸው በላይ በየቀኑ 6 ግራም ጨው ለ14 ቀን ወሰዱ። በመጨረሻው የደም ግፊታቸው ጨመረ፤ በአንጀታቸው ከነበሩት ላክቶባሲለስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎችም አብዛኞቹ ጠፉ። ስለዚህ ጨው የሚጎዳው ኩላሊትንና የደም ሥርን ብቻ ሳይሆን የአንጀታችንን ነዋሪዎችም ጭምር እንደ ሆነ ተገመተ።

በ2023 በአውስትራልያ በሜልቦርን የተደረገው ሙከራ ተስፋ ይሰጣል። የደም ብዛት ያለባቸው፥ ነገር ግን መድኃኒት ያልጀመሩ 20 ሰዎች፥ አንጀት ውስጥ ሲደርስ እነዚያኑ አሲዶች በብዛት እንዲሰጥ ሆኖ የተዘጋጀ የበቆሎ ስታርች ለ3 ሳምንት ተመገቡ። የደም ግፊታቸው የላይኛው ቁጥር በ6 ያህል ዝቅ አለ።

ይሁን እንጂ 20 ሰው ጥቂት ነው፤ 3 ሳምንትም አጭር ነው። የደም ብዛት ከዘር፥ ከዕድሜ፥ ከውፍረት፥ ከመጠጥ፥ ከጨውና እንቅስቃሴ ከማጣትም ይመጣል። አንጀት ከብዙዎቹ በሮች አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው በር አይደለም። ስለዚህ የሐኪምን ኪኒን ሊተካ የሚችል እርጎም ሆነ ስታርች እስካሁን አልተገኘም።

ታዲያ ምን እናድርግ? የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። በወጡ፥ በበርበሬውና በዳቦው ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው። ባቄላ፥ ምስር፥ ሽምብራ፥ ጎመንና ገብስ የአንጀት ነዋሪዎችን የሚመግብ አሠር አላቸው። «እንጀራችን የቦካ ስለ ሆነ ባክቴሪያውን ይሰጠናል» የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የእርሾው ሕያዋን በምጣዱ ሙቀት ይሞታሉ። የጤፉ አሠር ግን ይቀራልና እንጀራው ጥቅሙን አያጣም።

ከሁሉ በላይ የደም ብዛት ብዙ ጊዜ ሳያሳምም የሚኖር በሽታ መሆኑን አንርሳ። ሰውየው ደኅና ነኝ ሲል ልቡን፥ ኩላሊቱንና አንጎሉን ይጎዳል። በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሐኪም ሊያማክር ይገባዋል።

ጎረቤታችንም በልጆቻቸው ልመና ሄደው ቢለኩ ግፊቱ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። አሁን ኪኒናቸውን ጀምረዋል፤ የወጡንም ጨው ቀንሰዋል። እርጎውንም አልተዉም፤ ሐኪሙ «ይጠጡት፤ ግን ከኪኒኑ ጋር ነው እንጂ በኪኒኑ ፈንታ አይደለም» ብሏቸዋልና። እኛም ለአንባብያን የምንለው ይህንኑ ነው።