«ኤርታሌ»ን 28 ዓመት አናስጠብቀው

ሀዋሳ ውስጥ ሙዚቃ ሳይሰሙ መዋል ከባድ ነው። ባጃጁ የራሱን ይከፍታል፣ ፒያሳ ያለው ካፌ የራሱን፣ ሐይቁ ዳር የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ከስልኩ የራሱን። በዚህ ሁሉ መሀል ግን የጃኖ ባንድ «ኤርታሌ» አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ሰምቼ አላውቅም። ስለ ባንዱ ስጠይቅ «አዎ፣ ሮከሮቹ!» የሚለኝ ሞልቷል። «አልበሙንስ ሰምታችሁታል?» ስል ዝም ይባላል። ስማቸውን እናውቃለን፣ ሥራቸውን ግን አልሰማንም።

«ኤርታሌ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው፤ በ1983 የኸርቢ ሃንኮክን «ፊውቸር ሾክ» የሠራ፣ ከእኛዋ ጂጂ ጋርም አልበም የሠራ ባለሙያ። እንዲህ ያለ ሰው ከአዲስ አበባ ወጣቶች ጋር ቁጭ ብሎ የሠራውን ሥራ ነው ሳንሰማ ያለፍነው።

«ጩኸት ነው፣ የፈረንጅ ነው» የሚሉ አሉ። ጊታሩ ይጮኻል፣ አልክድም። ግን ድምፃውያኑን ስሟቸው እስኪ። ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች እየተቀባበሉ ሲዘፍኑ፣ ድምፃቸውን የሚያንቀጠቅጡት በአገራችን አዘፋፈን ነው። ደግሞም የሮክ ጊታሪስቶች የሚወዱት ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ከእኛ ባቲ ቅኝት ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ታዲያ ፈረንጅነቱ የቱ ጋ ነው? ስማቸው ጃኖ፣ አልበማቸው በአፋሩ እሳተ ገሞራ የተሰየመ!

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ሌላ ነው። ይህ ሙዚቃ ለሰርግ አይሆንም፣ እስክስታም አያስመታም። እኛ ደግሞ አንድ ክሊፕ አይተን፣ ግማሹን ዘለን፣ ወደ ሌላው መሄድ ለምደናል። አልበም ግን እንደ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው፤ ከመሀል አንድ ገጽ ገልጦ «አልገባኝም» ማለት አያስኬድም።

«ታዲያ ምን ይጠበስ?» የሚል አይጠፋም። እዚሁ ከተማችን ጊታርና ድራም የያዙ ልጆች አሉ። ሆቴልና ሰርግ ላይ የሰው ዘፈን ሲጫወቱ ይከፈላቸዋል፤ የራሳቸውን ሲጫወቱ ግን ሰሚ የለም። ጃኖን የሚያህል ባንድ እንዲህ ከታለፈ፣ እነሱ የራሳቸውን ለመሥራት በምን ድፍረት ይነሱ?

ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአሜሪካ ለብቻው በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራውን ካሴት ዓለም ያደነቀው በ2013 አንድ የአሜሪካ አሳታሚ ድጋሚ ሲያወጣው ነው። 28 ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። የራሳችንን ሙዚቃ ጥሩነት ሁልጊዜ ፈረንጅ መጥቶ ይንገረን እንዴ?

የምጠይቃችሁ ትንሽ ነገር ነው። አንድ ምሽት ኢርፎን ሰክታችሁ «ኤርታሌ»ን በቅደም ተከተሉ፣ ሳትዘሉ ስሙት። ከወደዳችሁት ወደ ሁለተኛው አልበማቸው፣ ወደ «ለራስህ ነው»፣ እለፉ። ካልወደዳችሁትም መብታችሁ ነው፤ ቢያንስ ሰምታችሁ ነው የጠላችሁት። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የሰፈራችሁ ልጆች የራሳቸውን ዘፈን ሲጀምሩ፣ የምታውቁትን ዘፈን እንዲጫወቱላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት እስኪጨርሱ ታገሷቸው።